ቀይ ብቻውን አይሸፍንም

ሮለር ነው የሚሏት፣ በዚያ ተሽከርካሪ የቀለም መቀቢያ ስም። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየሕንፃው ደረጃ ላይ «ሮለርን ጥሯት!» ሲባል ኖሮ ያንን ስም ውሃ በላው። እኔም ሮለር እላታለሁ፤ ብትሰማኝም አትቆጣ። «እመቤት» ብላት ነው የምትቆጣው።

ሥራዋ ቤት መቀባት ነበር። ስቱኮ ትለጥፋለች፣ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለች፣ መነሻ ቀለም ትሰጣለች፣ ከዚያ አንደኛ እጅ፣ ሁለተኛ እጅ። ኩራቷ ምን መሰላችሁ? ብሩሿ የት እንደጀመረ፣ የት እንዳበቃ አለመታወቁ! ግድግዳውን ስትጨርስ ጉንጯን ከጎን አስጠግታ በመስኮቱ ብርሃን ታየዋለች፤ አንዲት የብሩሽ ጭረት ካገኘች ያን ቀን ምሳ አይበላላትም። እንዲህ ያለ ሥራ ግን አንድ ክፉ ነገር አለው። በደንብ የተቀባ ግድግዳ ማንም አያየውም። እንግዳ ይገባል፣ ሶፋውን ያደንቃል፣ መጋረጃውን ያደንቃል፣ መብራቱን ያደንቃል፤ ግድግዳውን ደግሞ ይደገፈዋል። «ይሄን ማን ቀባው?» ብሎ የጠየቀ ሰው በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም አልነበረም። ነገሩ ሆዷን ሲበላት ኖሯል፤ ለማንም አልተናገረችውም እንጂ።

ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ጉልበቷ ከዳት። መሰላል ላይ እንዳለች ቆልፎ ያዛት፤ ሁለት ሰዎች ተሸክመው አወረዷት። ፎርማኑ ክፉ ሰው አይደለም፤ እሷው ሥራ ያስተማረችው ነው። አቀርቅሮ፣ «እትዬ፣ ከእንግዲህ መሰላል አይሆንሽም። እረፊ በቃ» አላት።

«እረፊ» ማለት ቀላል ነው። ቤቷ ገብታ መታጠቢያ ቤቱን ቀባች። በሳምንቱ እንደገና ቀባችው። ቀጥላ የኩሽናውን በር፣ ቀጥላ የጫማ መደርደሪያውን፣ ቀጥላ የባሏን የመሣሪያ ሣጥን። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። «አንቺ ሴትዮ፣ በዚሁ ከቀጠልሽ ቤቱ በቀለም ብዛት ይጠብብናል። እኔም ቁጭ ብዬ ካገኘሽኝ አትምሪኝም» አላት። ሳቀች፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አላለፈም። አዲስ ጎረቤት ስለ ሥራዋ ሲጠይቃት «ቀቢ ነበርኩ» ማለት ጀምራ ነበር፤ ያቺ «ነበርኩ» አጥንቷ ድረስ ትሰማት ነበር።

አንድ ቀን ባሏ ጋዜጣ ሊያነብ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ በሩ ላይ ማስታወቂያ አየ፤ ሥዕል ለጀማሪዎች፣ በአክሪሊክ ቀለም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት። ሳይጠይቃት አስመዘገባት።

«ሥዕል? እኔን? በስተርጅናዬ የሰው መሳቂያ ልታደርገኝ ነው?»

«ቀለም ነው አይደል? ቤቴን ላድን ብዬ ነው።»

ክፍሉ የቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጠረጴዛዎቹ አሮጌ ጋዜጣ ለብሰዋል፣ መስኮቶቹ ሰፋፊ ናቸው። ተማሪዎቹ ከእሷ ጋር አሥራ ሁለት። አስተማሪዋ ልጇ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት፤ እጅጌዋ ላይ የደረቀ ቀለም አለ። ሮለር ይህን ስታይ ልቧ ትንሽ ረጋ፤ እጅጌዋ ንጹህ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ተመልሳ ነበር። አስተማሪዋ በቀይ አበባ የተሞላ ሜዳ ያለበት ትልቅ ፎቶ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። «ይሄ ፖፒ ይባላል። የምንማረው እሱን መሣል ነው» አለች።

ሮለር እንዲህ ያለ አበባ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ተጠግታ መረመረችው። «ይሄ አበባ ሳይተኮስ ነው እንዴ የወጣው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪዋም ሳቀችና፣ «ልክ ነዎት እማማ፤ ከእምቡጡ ሲወጣ ተጨማድዶ ነው። ውበቱም እሱ ነው» አለቻት።

ከዚያ ቀለሙ ታደለ። ሮለር ከቲዩቡ ጨምቃ አሸተተች፣ በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገች። «ልጄ፣ ይሄማ የኛው ፕላስቲክ ቀለም ነው! በቲዩብ ስለገባ ነው እንዲህ የሚጀነነው።» አስተማሪዋ «እውነትም የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው» አለች። ሮለር ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች፤ ቢያንስ ቀለሙ አዲስ ሰው አልሆነባትም።

በዚያው ቀን ነው ወሬው የመጣው። የሰፈሩ ጤና ጣቢያ የታካሚ መጠበቂያ አዳራሹን አስፍቷል፤ ከዚህ ክፍል ስምንት ሥዕሎች ተመርጠው እዚያ ይሰቀላሉ። አሥራ ሁለት ሰው፣ ስምንት ቦታ፣ ስድስት ሳምንት። ሮለር የቲዩቡን ክዳን መልሳ ገጠመች፤ ውስጧ ግን ሌላ ነበር። ሰው ሰዓታት ቁጭ ብሎ ተራ የሚጠብቅበት ቦታ! ማየት ባይፈልግ እንኳ ያያል። ከእነዚያ ስምንት ቦታዎች አንዱን ፈለገችው፤ ምንም ነገር እንዲህ አምርራ ፈልጋ አታውቅም።

የመጀመሪያ ሥዕሏን እንዴት እንደሠራች ልንገራችሁ። የሸራውን ዳር ዳር በወረቀት ፕላስተር አሸገች። የአበባውን አራት ቅጠል በእርሳስ አሰመረች። ከዚያ አንደኛ እጅ፣ ይድረቅ፤ ሁለተኛ እጅ፣ ይድረቅ። በመጨረሻም ብሩሿን አድርቃ ጭረቱን ሁሉ አጠፋችና ጉንጯን አስጠግታ ከጎን አየችው። እንከን የለውም። ሌሎቹ ገና ሲንቦጫረቁ እሷ ብሩሿን አጥባ ጨርሳ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

አስተማሪዋ መጥታ አየችው። አየችው። «በጣም… ንጹህ ነው» አለች።

ሮለር ሞኝ አይደለችም። ሰው ምግብሽን ቀምሶ «ትኩስ ነው» ካለሽ ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃለች። ሥዕሉን በብብቷ ይዛ ቤት ገባች። ባሏ መነጽሩን አድርጎ ከሩቅ፣ ከቅርብ አየው። «እኔ ብሆን» አለ በመጨረሻ፣ «ይሄን ገና ከሩቅ ሳየው ፍሬን እይዛለሁ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ቁም የሚለውን የመንገድ ምልክት ነዋ የሠራሽው!»

ደሟ ፈላ። የከፋው ነገር ግን እውነቱን መሆኑ ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ ክፍሉን ሁሉ ቀይ ቀለም አስጨነቀው። ነጩ ሸራ ላይ ሲያርፍ ይሳሳል፣ ነጩን ያሳያል፣ ወደ ሮዝ ይሸሻል። ሰዉ በላዩ ይደርባል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይደበዝዛል። አንዱ ጥቁር ጨምሮበት ጭቃ አደረገው። አስተማሪዋም «ታገሡ፣ ደጋግሙበት» ትላለች። ያኔ ነው የሮለር ሠላሳ አንድ ዓመት አፍ ያወጣው።

«ቀይ ብቻውን አይሸፍንም!» አለች ከመቀመጫዋ፣ ድምፅዋ ከሕንፃ ጫፍ የምትጣራ ያህል ወጣ። «ቀይ ሲያዩት ጉልበተኛ ይመስላል እንጂ ሰነፍ ቀለም ነው። የሱቅ በር ቀይ አድርጉልን ሲሉን እኛ መጀመሪያ ሥሩ ሌላ ቀለም እናስተኛለን። በባዶ ግድግዳ ላይ ቀይ የሚጭን ቀቢ ቀለም ይጨርሳል እንጂ በር አይጨርስም።»

«እዚህስ ሥሩ ምን ይሁን?» አለች አስተማሪዋ፤ ከልቧ ነበር የጠየቀችው።

ሮለር ትንሽ አሰበች። ቢጫ ወሰደች፣ ጠብታ ብርቱካናማ ጨመረችበት፣ በአበባው ቦታ ሁሉ አስተኛችው። ሲደርቅ በላዩ አንድ እጅ ቀይ፣ ስስ አድርጋ። ወይ ጉድ! አበባው ከውስጥ መብራት የተለኮሰበት መሰለ። አስተማሪዋ የያዘችውን ብሩሽ አስቀምጣ፣ «እማማ፣ እስቲ ለሁላችንም እንደገና ያሳዩን» አለች። አሥራ አንድ ሰው ወንበሩን ጥሎ ዙሪያዋን ከበባት። ያን ጊዜ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። የጉልበቷን ሕመም እንኳ ረስታ ቆማ ነበር ያሳየቻቸው።

ሆኖም ቀለሙ ቢበራም አበባው አሁንም እንጨት እንጨት ይላል። ምክንያቱ እጇ ነው። አንዴ በብሩሽ ትነካና ጭረቱ ሲታያት አያስችላትም፤ ትመለስበታለች፣ ታለሰልሰዋለች። አስተማሪዋ «ጭረቱን ይተዉት እማማ፣ የቅጠሉን ጭምድድ የሚያሳየው እሱ ነው» ትላታለች። ሮለርም «እሺ» ትላለች፤ እጇ ግን እሺ አይልም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው ነገሩ። የብሩሽ ጭረት ትቶ መሄድ ለእሷ ጓዳን ለእንግዳ ከፍቶ እንደ ማሳየት ነበር፣ ነውር!

መላውን ያመጣው ያው ቀልደኛ ባሏ ነው። እሷ በኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ስትሥል ከኋላዋ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቅጠሏን ነካች፤ ብሩሿ ልትመለስ ስትል «ጲጵ!» አለ፣ ልክ እንደ አውቶቡሱ ጥሩምባ። ደንግጣ እጇን አነሣች።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?»

«ወደ ኋላ ማሽከርከር ክልክል ነው። ቀጥይ።»

ተሳደበች። አባረረችው። ተመልሶ መጣ። ሌላ ቅጠል፤ «ጲጵ!» ሌላ፤ «ጲጵ!» ሁለት ሳምንት ሙሉ ያ ኩሽና የአውቶቡስ መናኸሪያ ሆነ። ብትቆጣም አንድ ነገር ገባት፤ አንዴ ነክቶ፣ ብሩሹን ወደ ውሃ። እንደ ዘይት ቀለም አይደለም፣ አክሪሊክ ቶሎ ይደርቃል፤ ከተመለሱበት ይበጣጠሳል፣ ከተዉት ግን ያምራል። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ሙሉ ሣለችና ቤቱ ጭጭ ማለቱን ያስተዋለችው ከጨረሰች በኋላ ነው። ዞር ስትል ባሏ አፉን ከፍቶ ሥዕሉን ያያል። አራት ቀይ አበቦች፣ ነፋስ የመታቸው፣ የተጨማደዱ፤ በእያንዳንዷ ቅጠል ላይ የብሩሿ መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችው።

«ጥሩምባው ተበላሸ» አላት፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ጥግ ላይ በትንሹ «ሮለር» ብላ ፈረመችበት። ስምንቱ ሲመረጡ የእሷ መጀመሪያ ተጠራ። እሰይ ነው!

ሥዕሎቹ የሚሰቀሉት ሐሙስ ጠዋት ነው፤ አዳራሹ ዓርብ ጠዋት ይከፈታል። ሮለር ባሏን አስከትላ ደረሰች። ለሥዕሏ የተሰጣት በመግቢያው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ነበር፤ ከሁሉ የተሻለው ቦታ። አስተማሪዋ ሚስማሩን አሳየቻት። ሮለር ሚስማሩን አላየችም። ግድግዳውን ነበር የምታየው። አንድ እጅ ብቻ ነው የተቀባው፤ የድሮው እድፍ ከሥር ብቅ ብሏል፣ የሮለሩ መስመር እንደ እርሻ ትልም ይቆጠራል፣ ወደ ታች የወረደ ቀለም እንዳለ ደርቋል። የድሮ ጓዶቿ ሥራ ነበር፤ ሳይጨርሱ ወደ ሌላ ተጠርተው የሄዱ ናቸው።

«እዚህ ላይማ አይሰቀልም» አለች።

«እማማ!» አለች አስተማሪዋ ደንግጣ።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሐኪም መጣች። ሥራ የበዛባት፣ ቁርጥ ያለች ሴት ናት። «እናቴ፣ ነገ ጠዋት ይከፈታል። እርስዎ ካልፈለጉ ዘጠነኛ የወጣው ሥዕል አለ፣ እሱን እንሰቅላለን።»

ሮለር ሥዕሏን ደረቷ ላይ አስጠጋች። ስድስት ሳምንት የለፋችበት ነገር በአንድ ቃል ሊያመልጣት ነው። ባሏ ክንዷን ጎሸም አደረጋት፤ «በቃ ስቀይው፣ አበባው ይሸፍነዋል» አላት በሹክሹክታ።

«አይሸፍነውም» አለች። ከዚያ ወደ ኃላፊዋ ዞረች። «የተረፈ ቀለም አላችሁ?»

«መጋዘን ውስጥ ሁለት ቆርቆሮ አለ። ግን እኮ…»

«እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ይስጡኝ። እጅዎን ሲያሳርፉበት ቀለም ከነካዎት የፈለጉትን ይስቀሉ።»

ኃላፊዋ ሰዓቷን አየች፣ ሮለርን አየች፣ «እሺ» አለች።

ከዚያማ ማየት ነበር! ሮለር ሮለሩን ረጅም እንጨት ላይ አስራ፣ እግሯ ከመሬት ሳይለቅ ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወሰደችው። እድፉን በመነሻ ቀለም አፈነች፣ የወረደውን ፈገፈገች፣ አንደኛ እጅ ሰጠች። እንጨቱ የማይደርስበትን ከኮርኒሱ ሥር ያለውን ጠርዝ ባሏ መሰላል ላይ ወጥቶ ቀባ፤ እሷ ከታች ሆና «ወደ ግራ! ቀስ! አንተ፣ መሪ የያዝክ መሰለህ?» ትለዋለች። በአሥር ሰዓት ሁለተኛው እጅ አለቀ። በአሥራ ሁለት ሰዓት ኃላፊዋ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች፣ እጇን ገልብጣ አየች፣ ምንም የለበትም። ሚስማሩን ኃላፊዋ ራሷ መልሳ መታች።

ዓርብ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ሮለር ጥግ ላይ ባለው ወንበር ከባሏ ጋር ተቀምጣ እንደ ታካሚ ትጠብቃለች። ሕፃን ያቀፈች አንዲት ወጣት እናት ገባችና ከሥዕሉ ፊት ቆመች። ሕፃኑ ወደ ቀዩ እጁን ዘረጋ። እናትየው ጥጉን አጎንብሳ አነበበች።

«ሮለር ማን ናቸው?» አለች በሩ ላይ የቆመውን ዘበኛ። «ይሄን የሠሩት?»

ሮለር ተነሣች። ጉልበቷ ቋ አለ፤ ግድ አልሰጣትም። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቀችው ጥያቄ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች። «ቀቢ ነኝ። አበባውንም የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ግድግዳውንም።»