የማረው ላም ለመምህራን ማደሪያ ስትመርጥ

የቁሐር ሚካኤሉን ማረውን ሳያውቅ ፎገራን አውቃለሁ የሚል ሰው ዋሽቷል በሉት። አስፋልት ላይ ቆሞ ያየ ሁሉ ሜዳው እንደ መዳፍ ልሙጥ ነው ይላል። የቱ ጋ አንድ ክንድ ከፍ እንደሚል፣ የቱ ጋ ውሃ ቶሎ እንደሚሰርግ፣ የትኛው ጭቃ ከላይ ደርቆ ከሥር እግር እንደሚውጥ ማረው በእግሩ ነው የሚያውቀው። እኔም ጥቂት አላውቅም፣ አልደብቅም፤ መሬትን በተመለከተ ግን ለእሱ እለቃለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ጥምቀት አልፎ ጣና ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ውሃው ከለቀቀው መሬት ላይ ሣር ይወጣል። ባሕር ሸሽ እንለዋለን። ያገሩ ሰው ከብቱን ነድቶ ወደዚያ ይወርድና ክረምቱ እስኪቃረብ ይሰፍራል። ታዲያ በረቱ የት ይሁን? እሱን የሚመርጥ አንድ ሰው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማረው ነበር። የሚመርጠውም በላም ነው። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባትን አሮጊቷን ቦራን ይዞ ይወርዳል፤ ከሷ በፊት እናቷ ነበረች፣ ከናቷ በፊት አያቷ። ላሟ ትግጣለች፣ ትጠጣለች፣ ከዚያ ደስ ያላት ቦታ ትተኛለች። ተኝታ ካመሰኳች በረቱ እዚያ ነው። ላም ሆዷ እየረጠበ፣ ወይም አውሬ እየሸተታት ተኝታ አታመሰኳም።

የፎገራ ላም ደግሞ ሌላ ናት። ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ ስትግጥ ትውላለች። አንድ የደብረ ታቦር ሰው ጊደር ገዝቶ ወደ ደጋ ቢወስድ፣ በሳምንቱ ገመዷን በጥሳ ወንዝ ለወንዝ ወርዳ ወረታ ገበያ ላይ ተገኘች። ሰውየው ሊመልሳት ሲመጣ ዓይኑን አይታ ፊቷን አዞረች። ይኸን ያላየ አያምንም፤ እኔ አይቻለሁ። ብቻ ወደ ማረው ልመለስ።

አምና ማረው የመረጠው ቦታ ጉድ ሠራው። ሚያዝያ ላይ ያልታሰበ ዝናብ ዘነበ፣ የርብ ወንዝ ሞላ፣ በረቱ ረግረግ ሆነ። ሁለት ጊደሮች እስከ ሆዳቸው ሰመጡ። ስምንት ሰው በገመድ ሲጎትት ውሎ አንዷን አወጣት፤ ሁለተኛዋ የወለተ ሚካኤል ነበረች፣ ባሏ ሞቶባት ያቺን ብቻ የያዘች ሴት፣ ጊደሯ አልወጣችም። ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ ማረው አረጀ ሆነ። በላይነህ የሚባለው ሩዝ አምራች፣ ከማረው ዐሥር ዓመት የሚያንስ፣ ማኅበር ላይ ጠላውን ይዞ ላሟም ጌታዋም ጥርሳቸው አልቋል ብሎ ሰው አሳቀ።

ማንም የማያውቀው ግን አንድ ነገር ነበር። አምና ቦራ በፈቃዷ አልተኛችም ነበር። ገና ልትሄድ አንገቷን ዘርግታ ስትጓዝ የማረው ጉልበት አብጦ ስለነበር መከተል አቃተው፤ ገመዱን ሳብ አደረገ፤ ቆመች፤ ብዙ ካስቆማት በኋላ ተኛች። ማመስኳቷን ልብ ብሎ አላየም። ይኸን ለሚስቱ ለእማዋይሽ እንኳን አልነገራትም።

ዘንድሮ እንግዲህ በጥር አንዲት መምህርት ቤቱ መጣች። ነፃነት ትባላለች፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ወረታ ጂኦግራፊ ስታስተምር ሁለት ዓመቷ። አብሯት የኔነህ የሚባል የሒሳብ መምህር አለ፣ ረጅም፣ ጫማው ደግሞ እስከ ቅልጥሙ የሚደርስ። ለግማሽ ዓመቱ ዕረፍት አራት ሆነው ባሕሩ ዳር ድንኳን ተክለው ሊያድሩ አስበዋል። መጀመሪያ ባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ፈልገው ነበር፤ እዚያ ግን ዳሩ ሁሉ የሆቴል አጥር ነው፣ አጥር የሌለበትም ሙዚቃ አያስተኛም። ሰው ጠይቀው ወደ ማረው ተመሩ።

ማረው ነገሩ ገረመው። ከብት ይዛችሁ ነው ወይ አላቸው። አይደለም። ዓሣ? አይደለም። ስእለት ይሆን? እሱም አይደለም። ከሰው ተጣልታችሁ እንደሆነ ንገሩኝ፣ አላወጣም አለ። ነፃነት ሳቀች።

«አባባ፣ ዝም ብለን ልናድር ነው።»

«ቤት አጣችሁ?»

«ቤት አለን።»

እማዋይሽ ከጓዳ ሆና ሰዎቹን ልቀቃቸው፣ ቤት የሌለውማ መቼ ውጭ ማደር ያምረዋል አለች። ማረው ግን አልለቀቃቸውም፤ ድንኳኑ ከምንድን ነው፣ ጭስ ይወጣለታል ወይ፣ ንፋስ ሲመጣ ማን ይይዘዋል፣ እያለ እስከ ምሳ ጠየቃቸው። ነፃነትም አልሰነፈችም፣ ደብተር አውጥታ ስለ ላሟ ትጠይቀዋለች። ሁለቱ ጠያቂዎች ተገናኙ።

ወሬው ቄስ ገብረ ኪዳን ጆሮ ገባ። የዘንድሮውን በረት ማን ይምረጥ በሚለው ላይ ሰው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊነጋገር ተቀጣጥሮ ነበርና፣ ቄሱ ነገሩን አቀለሉት። ማረው ለመምህራኑ ይምረጥ፤ ደኅና ካደሩበት ከብቱም እዚያው ይገባል፤ ካልሆነ ዘንድሮ የሚመርጠው በላይነህ ነው አሉ። አንዱ ደፈር ብሎ፣ አባ፣ ከከብት በፊት በሰው መሞከር ደግ ነው ወይ ቢላቸው፣

«መምህር በእግሩ ይወጣል፤ ጊደር ግን ስምንት ሰው ይፈልጋል» አሉት።

ዐርብ ጠዋት ማረው ቦራን ይዞ፣ ሁለቱን መምህራን አስከትሎ ወረደ። እውነቱን ለመናገር ቦታውን አስቀድሞ በልቡ መርጦታል። ከሩዙ ማሳ ወዲያ አንድ ጉብታ አለ፣ ከላዩ ባሕሩ ወለል ብሎ የሚታይ። እንግዶቹም ይወዱታል፣ ሰውም ያደንቃል፣ በላይነህም አፉን ይዘጋል ብሏል።

መምህራኑ ግን ገና ውሃው ዳር ሲደርሱ ሌላ ቦታ አዩና ቆሙ። ሣሩ አጭር፣ እኩል፣ በማጭድ የታጨደ የሚመስል፤ እንቦጩም እዚያ ጋ ገለል ብሎ ውሃው ጥርት ያለ። ነፃነት ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳች። የኔነህ ጋደም ብሎ ልኩን አየ፤ እዚህ ነው፣ ሌላ አንፈልግም አለ።

«ባለቤት አለው» አለ ማረው።

የኔነህ ተነስቶ ልብሱን አራገፈ። «እናስፈቅዳለን። የት እናገኘዋለን?»

«አሁን ውሃ ውስጥ ነው። ሲመሽ ይመጣል።»

«ዓሣ አጥማጅ ነው?»

ማረው በዱላው ቁጥቋጦው ላይ የተረጨውን ፋንድያ አሳየው፤ ከዚያም ጭቃው ላይ ከሰፌድ ትንሽ የሚያንስ አራት ጣት ያለው ኮቴ አሳየው። ጉማሬ ነው፣ ሣሩን እንዲህ አስተካክሎ የሚያጭደው እሱ ነው አለው። የኔነህ አንዴ ኮቴውን፣ አንዴ ውሃውን አየና ወደ ላሟ ጠጋ አለ። ነፃነት ግን ተንበርክካ ኮቴውን በስንዝር ለካች፣ ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ ስንት ጊዜ ይመጣል፣ በየት ይወጣል፣ ሩዝ ይበላል ወይ፣ ትለዋለች። ማረው ደስ አለው። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ከራሱ ልጆች መካከል እንኳ አላገኘም።

ከዚያ ቦራ ጠጣች፣ ጋጠች፣ ወደ ጉብታው ዞረች። ማረው በልቡ ጎሽ አለ። ላሟ ጉብታው ላይ ወጣች፣ መሬቱን አሸተተች፣ ጭራዋን አንዴ ወዘወዘችና አልፋ ሄደች።

ማረው እጁ ገመዱ ላይ ጠበቀ። ጉልበቱ ደኅና ነው ዘንድሮ፤ ደከመኝ ሊል አይችልም። ግን ቦታው ያምራል፣ እንግዶቹም ከኋላው ወይ ባሕሩ እያሉ ነው፤ ትንሽ ሳብ ቢያደርጋት ማን ያውቃል? የሚያውቅ የለም። አምናም የሚያውቅ አልነበረም። ያቺ ጊደር ጭቃ ውስጥ ሆና እንዴት እንደምታይ ትዝ አለው። ገመዱን ጠቅልሎ ላሟ ቀንድ ላይ ጣለውና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ተከተላት።

ቦራ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ ከታጨደው ሩዝ በቀረው ቅርጭት መሃል ትሄድ፣ ትሄድ፣ አንድ አውድማ ጋ ደረሰች። በእበት የተለቀለቀ፣ ዙሪያው ከፍ ያለ፣ በንፋሱ በኩል የገለባ ክምር የከለለው። እህሉ ከተነሳለት ሳምንቱ። ገባች፣ ዞረች፣ ጉልበቷን አጥፋ ተኛች። ማረው ጎንበስ ብሎ አፏን አየ። ታመሰኳለች፣ ዓይኗን ጨፍና።

አውድማው የበላይነህ ነው።

ነፃነት ዙሪያዋን ብታይ ገለባና የሩዝ ቅርጭት ነው፤ ባሕሩ የለም። «አባባ፣ እኛ እኮ የመጣነው ባሕሩን ብለን ነው።»

«ባሕሩን ቀን ታዩታላችሁ። ተኝታችሁ ምን ታዩበታላችሁ?»

እሷም ላሟን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ እሺ፣ እሷ ካለች አለች። የኔነህ ከጉማሬው ከራቀ ሌላው አላሳሰበውም።

አሁን ማስፈቀድ ቀረ። ማረው ወደ በላይነህ ቤት ሲሄድ፣ ያንን መቶ እርምጃ እንደ ገደል ነው የወረደው። ሄዶ ለመነው። በላይነህ በሩ ላይ ቆሞ ጨርሶ እስኪናገር ሳቁን ዋጠ።

«አያ ማረው፣ አገሩን ሁሉ ዞረህ ዞረህ ከእኔ አውድማ ወደቅህ?»

«ላሟ ናት የወደቀችው።»

«አንተ የምትወደው ያን ጉብታ አይደለም? ከልጅነቴ ጀምሮ ስታደንቀው እሰማለሁ። ወደዚያ አትስባትም ነበር?»

ማረው መሬት መሬት አየ። ዞር ብሎ ሊሄድም ይችል ነበር። «አምና ስቤያት ነው» አለ። «ጉልበቴ አልሄድ ብሎኝ ሳብኳት። ከዚያ የሆነውን ታውቃለህ።»

በላይነህ ከበሩ ወጥቶ አውድማውን አሻግሮ አየ።  ጫማቸውን አውልቀው ከገቡ ይደሩ፣ አውድማ በጫማ አይረገጥም አለ። የኔነህ ያን የሚያህል ጫማ ፈትቶ እስኪጨርስ ነፃነትና ማምሻውን የደረሱት ሁለቱ ጓደኞቻቸው ድንኳኑን ተክለው ጨረሱ።

ጠዋት ማረው ወተት ይዞ ሲመጣ መምህራኑ ደርቀው፣ ሞቀው፣ ፀጉራቸው ገለባ ሆኖ አገኛቸው። ነፃነት ወደ ውሃው ወርደን እንይ አለችው። የትናንቱ ሣር እንደገና ታጭዷል። የባለቤቱ ኮቴ ከዚያ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ጉብታውን በመሃሉ ሰንጥቆ፣ ማረው በልቡ ድንኳን በተከለበት ቦታ ላይ አልፎ ወደ ሩዝ ማሳው ሄዷል። አዲስ ነው፣ ጠርዙ እንኳን አልደረቀም። ነፃነት ስትለካ ማረው አጠገቧ ቁጢጥ አለና፣ ይችን መንገድ ሠላሳ ዓመት አላወቅኋትም አለ። ዘንድሮ የጀመራት ትሆን፣ ወይስ ድሮም ነበረች? ሁለቱም መልሱን አላገኙትም፤ እስከ ምሳ ሲከራከሩ ቆዩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ተሰበሰበ። ቄስ ገብረ ኪዳን በላይነህን ጠየቁት። በላይነህ ተነስቶ መምህራኑ ደኅና አድረዋል፣ ሲሄዱም አውድማዬን ጠርገውልኛል አለና ቁጭ አለ። ስለ አምናው አንድም አልተናገረም። ሰው ሊበተን ሲል ማረው ራሱ ተነሳ። ጉልበቱን፣ ገመዱን፣ ሁሉንም ተናገረ። ሲጨርስ ማንንም አላየ፤ ወለተ ሚካኤልን ነው ያየው።

እሷም ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። «ጉልበቴ ታመመ ብትል እኮ እኔው እከተላት ነበር። ጊደሬን ውሃ አይደለም የበላት፣ ዝምታህ ነው።»

«አዎ» አለ ማረው።

 ቄሱ ተነሱና፣ ላሟ መርጣለች፣ ከብቱ ወደዚያው ይግባ፤ ከዘንድሮ ጀምሮ ግን የሚከተላት አንድ ሰው አይሆንም፤ ማረውና ወለተ ሚካኤል አብረው ይከተሏታል አሉ። ሴት በረት ትመርጣለች ወይ ብሎ የጠየቀ ነበር፤ ድሮስ የምትመርጠው ሴት አይደለችም ወይ ቢሉት ላሟን አስታውሶ ተቀመጠ።

ማክሰኞ ከብቱ ገባ። ከመቶ በላይ ነበር። በላይነህ ግን አንድ ነገር አላሰበም፤ በረቱ የእሱ ገለባ ክምር አጠገብ መሆኑን። ለከብቱ ለክረምት ያስቀመጠው ገለባ! ከሰዓት በኋላ ስሄድ በላይነህ በአንድ በኩል፣ ማረው በሌላ በኩል ዱላ ይዘው ክምሩን ሲዞሩ አገኘኋቸው። ቦራ አንገቷን በማረው በኩል ቀብራ ትቆረጥማለች።

«አያ ማረው፣ እሷን እንኳን ሳብልኝ» ይለዋል በላይነህ።

ማረው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ላሟን ያያታል።