የሚጓ መርፌና የአዴ ፈጡማ ቀይ ጨርቅ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ የክረምቱ ዝናብ ሊገባ ሰሞን ነው። ጭሮ ጫት ተራ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ትዝ እያለኝ መንገድ ላይ ብቻዬን ያስቀኛል። አንዳንዴም ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ይለወጥብኛል። ጽፌው ይውጣልኝ ብዬ ነው።

ሥራዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪሙ የሽማግሌዎቹን ድድ ይለካል፤ እኔ ከክሊኒኩ ጓሮ ባለች ክፍል ቁጭ ብዬ በሰም እቀርጻለሁ፣ በጀሶ ቅርጹን አወጣለሁ፣ ሬዚን የሚባል ሲቀቀል የሚጠነክር ፕላስቲክ ሞልቼ እቀቅላለሁ። ስሠራ ሰው ሲያናግረኝ አልወድም። ትንሽ ነገር ከተዛነፈችብኝ እንቅልፍ የለኝም። ባለቤቴ "አንተ እኮ ገነት ብትገባ በሩ ተንጋዷል ብለህ ትመለሳለህ" ትለኛለች።

አባቴ የጦር ጄት መካኒክ ነበር። ወጣትነቱን የጨረሰው ድሬዳዋ፣ ሚግ ሥር ተጋድሞ ነው ማለት ይቻላል። ጡረታ ሲወጣ ወደ እናቴ አገር ወደ ቦኬ ገባ። እናታችን ካረፈች በኋላ ግን መርሳት ጀመረው። መጀመሪያ የቁልፉን ቦታ፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን ስም፣ በመጨረሻ እኛን ልጆቹን ረሳ። ከዚያ ንግግሩንም ተወው። አብራው የምትኖረው እህቴ ምሕረት፣ እሱን ያየው ሐኪም ምን እንዳላት ነገረችኝ። "ድሮ የሚወደውን ነገር አሳዩት፣ አንዳንዱ በዚያ ይነቃል" ብሏታል።

አባቴ የሚወደውን ከእናቴ ቀጥሎ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሚግ። እውነተኛ ሚግ ደግሞ ከየት አምጥቼ ነው የማሳየው? ስለዚህ ልሠራት ተነሳሁ።

የሚግ ፎቶዎች ከኢንተርኔት ለቅሜ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩ። ርዝመቷ ክንዴን እንዲያህል ወሰንኩና ሌላውን ሁሉ በዚያው ልክ አሳነስኩ። ገላዋን ከሰም ቀረጽኩ፤ እንደ ጥርስ በጀሶ ቀብሬ ሰሙን አቀለጥኩና ሬዚን ሞላሁበት። ችግሩ እኔ ዘንድ የሚበዛው ሬዚን የድድ ቀለም ያለው ነው። ከጀሶው ፈልቅቄ ሳወጣት ሮዝ ሆና ቁጭ አለች። ባለቤቴ ግራ ቀኝ አገላብጣ አየቻትና "ይቺ ትበራለች ወይስ ትነክሳለች?" አለችኝ።

የመጀመሪያው ክንፍ ሲቀዘቅዝ ተጣመመብኝ፤ ጥዬው ሌላ ሠራሁ። የቆርቆሮዎቿን መጋጠሚያ ጥርስ በምንፍቅበት ሹል ብረት አሰመርኩት። ጎማዎቿን ከሲሪንጅ ጎማ ቆረጥኳቸው። የፓይለቱን መስታወት ጥርት ካለው ሬዚን አውጥቼ ከውስጥ ያለው ወንበር እስኪታይ ወለወልኩት። ብርማውን ቀለም ባጃጅ የሚቀባ ወዳጄ ነፋልኝ፤ ያን ጊዜ ድድ መምሰሏ ቀረ።

የሚግ መለያዋ ግን አፍንጫዋ ላይ የተቀሰረው ረጅም መርፌ ነው። ልጆች ሳለን አባባ "ፍጥነቷን የምታውቀው በዚህ ነው፤ እሱ ከተበላሸ ሌላው ደህና ቢሆን ምን ዋጋ አለው?" ይለን ነበር። እኔም የማደንዘዣ መርፌ ቆርጬ፣ ጫፉን ሞርጄ አዶልዱሜ፣ ከጤፍ ብዙም የማይበልጡ ክንፎች ለጠፍኩበት። ከአውሮፕላኗ ሁሉ ያለፋኝ እሱ ነው።

አንድ ጠዋት ምሕረት ደወለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። "አባባ መብላት አቁሟል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ሾርባ እንኳ አይውጥም። ያቺን ነገር አለቀችም አላለቀችም ዛሬውኑ ይዘህ ና" አለችኝ።

የመጨረሻው ቀለም ገና በደንብ አልደረቀም ነበር። ካርቶን ውስጥ ጥጥ ደልድዬ አስቀመጥኳትና፣ ክዳኑ ቀለሙን እንዳይነካብኝ ሳልዘጋው በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ገሰገስኩ። ጫት ተራ ስንደርስ ጫት የጫነ ፒክአፕ ከኋላችን መጣ። የጫት መኪና እንደሁ ፍሬን መያዝ ነውር ይመስለዋል። የባጃጁ ሾፌር ለማምለጥ ድንገት ሲጠመዝዝ ካርቶኑ ከጭኔ ተንሸራቶ በጎን ወጣ።

ዘልዬ ወረድኩ። አውሮፕላኗ የገራባ ክምር ላይ ወድቃለች። ገራባ ማለት ለቃሚዎች የሚጥሉት የጫት ቅጠልና እንጨት ነው፤ እኛ ከተማ የፍየል ቀለብ ነው። ለስላሳ ላይ በመውደቋ ክንፏም መስታወቷም ደህና ነው። አፍንጫዋ ግን ባዶ ነው። መርፌው የለም።

ተንበርክኬ በሁለት እጄ ገራባ መማስ ጀመርኩ። ከእኔ ፊት ለፊት ደግሞ ሁለት ፍየሎች ቁርሳቸውን እየበሉ ነው።

"ማል ባዴ? ምንድነው የጠፋህ?" አሉኝ እዚያው ጫት የሚያስሩ አንዲት ትልቅ ሴት። አዴ ፈጡማ እንደሚባሉ ኋላ ነው ያወቅኩት።

"መርፌ" አልኩ።

"የምን መርፌ?"

"የአውሮፕላን።"

ሴቶቹ ተያዩና በሳቅ ፈነዱ። አንዷ ሰዓዳ የምትባል ቀልደኛ "ወላሂ ይሄ ሰውዬ ሳይቅም ነው የመረቀነው!" አለች። እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ፤ ጫት በአፌ ዞሮ አያውቅም። ንዴትም እፍረትም አንድ ላይ ያዘኝ። "አባቴ እህል አልበላም ብሎ ተኝቷል! ይቺን አይቶ ቢነሳ ብዬ ነው!" ብዬ ጮህኩባቸው። ድምፄ መሃል ላይ ተሰበረ።

ሳቁ ቆመ። አዴ ፈጡማ የያዙትን ጫት አስቀመጡና ወደ ፍየሎቹ ጠቆሙ። "ሰዓዳ! ሬኤ ሰነ ዾርኪ! ፍየሎቹን አባሪልኝ! እናንተም ሥራ አቁሙ፤ የሰው አባት ነው" አሉ። ሰዓዳ ሻሿን እያወዛወዘች ፍየሎቹን አባረረች። ሌሎቹ ማዳበሪያ አንጥፈው ገራባውን በእፍኝ በእፍኝ እያነሱ ማበጠር ጀመሩ። ቀንበጡን ከቅጠሉ ሲለዩ የሚውሉ ጣቶች ናቸው፤ የእኔ ጣት ከነሱ ጋር ሲተያይ ያፍራል።

በዚህ መሃል አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ። ቀና ስል የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው።

"ወንድም ተስፋዬ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"መርፌ ጠፍቶኝ ነው።"

እኔን አዩ፣ የያዝኩትን የጫት እንጨት አዩ፣ ሴቶቹን አዩ። "ጌታ ይርዳህ" ብለው ሄዱ። እሑድ እንዴት እንደማስረዳቸው ማሰብ ጀመርኩ፤ ወዲያው ግን የአባቴ ነገር ታወሰኝና ተውኩት።

"ቢስሚላህ! እቺ ናት?" አሉ አዴ ፈጡማ። መርፌው በሁለት ጣታቸው መሃል ነው። ዓይናቸው እንኳ ሌላ ቦታ ነበር። "ጫት ሲይዙት ይታጠፋል። እቺ እንቢ አለችኝ" አሉኝ።

እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ከለከሉኝ። እዚያ ተራ ሻጩ ሁሉ ዙርባውን፣ የጫት እስሩን ማለት ነው፣ ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀልበት በየራሱ ቀለም ጨርቅ ያስራል። የእሳቸው ቀይ ነው። ከቀዩ ጨርቅ ቀደድ አድርገው መርፌው ላይ አሰሩልኝ። "ቀይ ነገር ቶሎ አይጠፋም። ሂድ፤ አላህ አባትህን ያሽርልህ" አሉኝ።

መናኸሪያው በር ላይ ከአንድ ሊስትሮ ሱፐር ግሉ ለምኜ መርፌውን ቦታው ላይ አጣበቅኩት። ጨርቁን ከዚያ በኋላ ልፈታው አስቤ ነበር፤ ሙጫው ግን ጠርዙን ይዞታል። ብጎትተው መርፌው አብሮ ሊመጣ ነው። ስንት ወር ሙሉ ዓይኔን ያፈሰስኩባት አውሮፕላን አፍንጫዋ ላይ የጫት ማሰሪያ አንጠልጥላ ስትሄድ እስከ ቦኬ ድረስ ከራሴ ጋር ስነጫነጭ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠው መንገደኛ "ጌጥ ነው?" ቢለኝ አውሮፕላኗን ወደ መስኮቱ አዞርኳት።

ቤት ስደርስ አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ነው። ከስቷል። ምሕረት ትከሻውን ይዛ በቀስታ ወደ እኔ አዞረችው። አውሮፕላኗን አልጋው ላይ አስቀመጥኩለት።

"አባባ፣ ሚጓ ናት። እያት" አልኩት።

አያት። ዓይኑ ላይ ግን ምንም ነገር አልነበረም። ጎማዋን አሽከረከርኩለት፣ ወንበሯን አሳየሁት። ተመልሶ ፊቱን ሊያዞር ጀመረ። ምሕረት ለቅሶዋን ላለማሰማት አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔም ሁሉ ነገር ከንቱ እንደሆነ ተሰማኝ።

አውሮፕላኗን ላነሳት ስል ቀዩ ጨርቅ ተወዛወዘ። አባባ ቀና አለ።

እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ጨርቁን ያዘ። "አይ አባባ፣ ይሰበራል!" ልል ስል አልጎተተውም። በጥፍሩ ሙጫውን ፋቅ ፋቅ አደረገ፣ ቋጠሮውን ፈለገ፣ ቀስ ብሎ ፈታው። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ክርኑን ተደግፎ ተነሳና ጨርቁን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ አሳየኝ።

ምን እንደሚፈልግ አልገባኝም። አባባ ተቆጣ።

"መቶ አለቃ! አየህ ወይስ አላየህም?"

ስንት ወር ያልሰማነው ድምፅ ነው። ምሕረት ጎኔን በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

"አየሁ" አልኩ።

"እንግዲያው ሂድ" አለና ጨርቁን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ነገሩን አባባ ከሚያወራው ቁርጥራጭ ኋላ ላይ ተረዳሁት። አውሮፕላን መሬት ላይ ስትቆም መርፌዋ ልብስ ይለብሳል፤ እንዳይረሳ ቀይ ጨርቅ ይንጠለጠልበታል። ሳይወልቅ ከተነሳች ፓይለቱ ፍጥነቱን ሳያውቅ ሊሞት ይችላል። መካኒኩ ያወልቅና ጨርቁን ከፍ አድርጎ ያሳየዋል፤ ፓይለቱም አየሁ ይላል፤ መቶ አለቃ ያለኝ እኔን ፓይለቱ አድርጎኝ ነው። እኔ የሠራሁት ከፎቶ ነው። ያየኋቸው ፎቶዎች ደግሞ ሁሉም ስትበር ወይም ልታርፍ ስትል የተነሱ ስለሆኑ ቀይ ጨርቅ የሚባል ነገር አልነበረባቸውም።

ያን ዕለት አባባ ሾርባውን ጠጣ።

ጭሮ ስመለስ አዴ ፈጡማ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። "ጨርቄስ?" አሉኝ። አባቴ ኪስ ውስጥ ነው ስላቸው አልሐምዱሊላህ ብለው፣ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠርገው፣ አንድ ቁራጭ ጨምረው ሰጡኝ። "ያኛው ካረጀበት" አሉ። አሁን በዚያ ሳልፍ ሰላም ሳልላቸው አልሄድም። ሰዓዳም "ጴንጤው! መርፌህ ደህና ነው?" ማለቷን አልተወችም። ሽማግሌያችን ግን እስካሁን በጥርጣሬ ነው የሚያዩኝ።

አባባ ዛሬም አለ፣ ይበላል። ልጁ መሆኔን አያውቅም፤ ስሜን አንድም ቀን ጠርቶልኝ አያውቅም። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ያመኝ ነበር። ቦኬ ሄጄ ልመለስ ስነሳ ግን ከደረት ኪሱ ቀዩን ጨርቅ አውጥቶ ከራሱ በላይ ይይዝልኛል። አየሁ እስክል ድረስ እጁን አያወርድም። እጁ አሁን እየደከመ ስለሆነ ቶሎ እላለሁ። ማን እንደሆንኩ አያውቅም፤ ደህንነቴን ሳያረጋግጥ ግን ከቤቱ አያስወጣኝም።