የላይኛው ሰፈር ውሃ

ዛሬ ጠዋት ቧንቧ ከፈትኩ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። እንደተከፈተ ትቼው ዳቦ ልገዛ ወረድኩ። ስመለስ ከበታቼ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ልጅ መወልወያ ይዛ ደረጃው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ ውሃ መጣልዎ! እኛም ቤት ደርሷል።»

አብረን ስንወለውል «ድሮ ሥራዎ ምን ነበር?» አለችኝ።

«ውሃ መቆጣጠር።»

ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። እኔም መሳቅ ጀመርኩና ትቼው ወደ መወልወሉ ተመለስኩ።

በወጣትነቴ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ የእንጦጦ ጥግ ላይ፣ አንድ ፓምፕ ለሁለት ሰፈር፣ ለላይኛውና ለታችኛው፣ በየተራ ውሃ ይገፋ ነበር። ተራውን የሚያዝዝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ተሠራ። የእኔና የሥራ ባልደረባዬ የጽጌ ድርሻ ፕሮግራሙ ከመገጠሙ በፊት እንደማይሳሳት በሒሳብ ማረጋገጥ ነበር። የጊዜ ሎጂክ ይባላል፤ «ይህ መቼም አይሆንም»፣ «ያ ውሎ አድሮ ይሆናል» የሚሉትን በምልክት ትጽፍና ማሽኑ ሊደርስበት የሚችለውን ሁኔታ ሁሉ እየተከተልክ ትፈትሻለህ። እኔ «ሁለቱ መስመሮች መቼም አብረው አይከፈቱም» የሚለውን አረጋገጥኩ፤ አብረው ከተከፈቱ ፓምፑ ይቃጠላል። ደረቴን ነፋሁ። ያኔ ደረት ነበረኝ፤ ኋላ ወርዶ ሆድ ሆነ።

ጽጌ ቆሎ እየቆረጠመች ወረቀቴን አየች።

«የላይኛው ሰፈር ውሃ ከጠየቀ ውሎ አድሮ ያገኛል የሚለውስ የታል?»

«እሱማ ግልጽ ነው፤ ምን ያስጽፈዋል?»

«ግልጽ ከሆነ መጻፉ ምን ያደክምሃል? እናቴ ያለችው እኮ እዚያ ነው።»

«እንግዲያው ለእማማ የግል ቧንቧ እንሳብላቸዋ!» ብዬ ቢሮውን አሳቅኩባት። የማስረከቢያው ቀን ደርሶብኝ ነበር።

ፕሮግራሙ ተገጠመ። የታችኛው ሰፈር ሰው ብዙ ነው፤ ታንከሩ ሳይሞላ ይጎድላል፣ ደግሞ ይጠይቃል። ማሽኑም ደግሞ ይሰጠዋል። የላይኛው ጥያቄ ሳምንታት ቆሞ ጠበቀ። ሁለቱ መስመሮች አንድም ቀን አብረው አልተከፈቱም።

የጽጌ እናት ጀሪካን ይዘው ሸለቆው ውስጥ ካለው ምንጭ ይቀዱ ጀመር። የበልግ ዝናብ የባሕር ዛፉን ቅጠል አርሶታል። አንድ ጠዋት አንሸራተታቸው፤ በዚያው ቀሩ።

ለቅሶ ሄጄ ድንኳን ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ንፍሮ እጄ ላይ ተደርጎልኛል። እግዜር ያጥናሽ በማለት ፈንታ፣ «ያረጋገጥኩት ነገር እኮ ስሕተት የለበትም» አልኳት። በእናቷ ለቅሶ!

«የለበትም» አለችኝ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች። «ውሃው ግን አልመጣም።»

ከአርባው በኋላ ሥራ ለቀቀች። ጽጌ የጠየቀችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሬ፣ ፕሮግራሙ ታርሞ፣ ውሃው ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣ። ያስተካከለው እኔ ነኝ ተብሎ ተጨበጨበልኝ። የጽጌን ስም አላነሣሁም።

ጽጌ አሁን ካራ ነው ያለችው፤ አያት ሆናለች። ባለፈው እሑድ ታክሲ ስንጠብቅ ተገናኘን። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ወገቤ፣ ስለ ልጆቿ አወራን። ታክሲዋ ሲመጣ በሩን ያዝኩላት፣ ቀልድም ቀልጄ አሳቅኳት። «ልክ ነበርሽ» ማለት ግን ዛሬም አለብኝ።