ሁለት ቀንበጥ ጤና አዳም

በሰው አገር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ የአበሻ ምግብ ቤት ገና አንድ ሁለት ብቻ ሳለ፣ አስተናጋጇ ሸዋረጋን የሚያስጠላት አንድ ደንበኛ ነበር። ከምግብ ቤቱ ደጅ ያለው ዛፍ ሲያብብ ብናኙ ያስነጥሰዋል፤ እሱ ግን የነተበ ሱፉን ቆልፎ፣ እዚያው ዛፍ ሥር ካልተቀመጥኩ ይላል። በሁለቱም አፍንጫው ጤና አዳም ወትፎ፣ ንፍጡ ቅጠሉን ተከትሎ እየወረደ፣ ክትፎ ያዛል። የረጠበ ናፕኪኑን ከእንጀራው ጎን ይከምራል። «የሰው አፍንጫ ነው የአበባ ማስቀመጫ?» ትላለች ለራሷ።

አንድ ቀን አላስቻላትም። «ጋሼ፣ ኧረ በማርያም! ውስጥ ኤሲ አለ፣ ሶ ለምን አይገቡም?»

ዓይኑን ጠርጎ በሩን አየው። «ውጭ ያስነጥሰኛል፣ የኔ ልጅ። በር ከተዘጋብኝ ግን እጮኻለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ናፕኪን ሳይጠይቃት ታመጣለት ጀመር። የተጠቀመበትን የምታነሳው ግን ፊቷን አዙራ፣ በሁለት ጣቷ ነበር።