የማባዣው ቀለምና ነባራዊው ሁኔታ

በደርግ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ስለ ግፊት ማብራራት ሲያምረኝ አድማጭ አላጣም፤ ተማሪ ከክፍል መውጣት አይችልማ። በተማሪ ብቻ ግን አልረካም ነበርና፣ ትርፍ ጊዜ ባገኘሁ ቁጥር የትምህርት ቤቱ ማባዣ መኪና ወደተቀመጠባት ጠባብ ክፍል እሄዳለሁ። እዚያ ግፊት በዓይን ይታያል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጽሑፉ ሰም በተቀባ ስስ ወረቀት ላይ፣ ማለትም ስቴንስል በምንለው ላይ፣ በታይፕ ሲመታ ፊደሎቹ ቀዳዳ ይሆናሉ። ስቴንስሉ ከበሮ መሳይ ነገር ላይ ይጠመጠማል። ቀለሙን ወደ ከበሮው የምታስገባው ከጎን ያለች የእጅ ፓምፕ ናት። ፓምፗ ስትገፋ ቀለሙ ከስቴንስሉ ሥር ያለውን ጨርቅ ያርሳል፤ እጀታው ሲዞር ደግሞ በቀዳዳዎቹ ሾልኮ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ካነሰ ጽሑፉ ይገረጣል፣ ከበዛ ይጨማለቃል። ስለዚህ አንዴ ገፍቶ፣ ጨርቁ እስኪጠጣ ጥቂት ወረቀት አዙሮ፣ አይቶ ነው መድገም። ይህን ሁሉ ለማባዣ ሠራተኛዋ በጠመኔ ሥዬ አስረድቻቸዋለሁ። እሳቸውም የራሳቸው መኪና እንዴት እንደሚሠራ ከእኔ ሲሰሙ በጣም የተደነቁ ለመምሰል ሞክረዋል።

ሁላችንም እትዬ እንላቸው ነበር። ባላቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያችው የማባዣ ደመወዝ ነው። የሚያባዙት ሁልጊዜ በጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ነበር። ቀለሙ ከአዲስ አበባ በባቡር ይመጣል፤ ባቡሩ ከመጣ፣ ቀለሙም ከተጫነ። እናም የቀረችውን አንዲት ቱቦ ለፈተና ብለው እየቆጠቡ ሳሉ፣ በቅርቡ ከደጋ የተዛወረው የፖለቲካ ኃላፊያችን ለአብዮት በዓል የሚበተን የመፈክር ወረቀት አዘዘ። እትዬ ፓምፗን ነካ ነካ እያደረጉ አባዙለት።

በማግስቱ አንዱን ወረቀት ይዞ መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መፈክር ነው፣ ጓድ።»

«ይታያል?»

«ቀረብ ካሉት ይታያል።»

«መፈክር ቀረብ ተብሎ ነው የሚነበበው?»

«ቀለሙ ለፈተናም ይትረፈን ብዬ ነው።»

«ፈተናው ደማቅ፣ አብዮቱ ገርጣጣ። ይሄ አሻጥር ነው። ረቡዕ በውይይት ክበብ ይታያል።»

ያኔ አሻጥር ተራ የወቀሳ ቃል አልነበረም። አንድ ሰው አሻጥረኛ ከተባለ በማግስቱ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል፤ ባለወንበሩ የት እንደተቀመጠ ግን ባይጠየቅ ይመረጥ ነበር። እትዬ እጃቸው ላይ የነበረውን ጨርቅ ደጋግመው አጠፉት።

ኃላፊው ደማቅ ጽሑፍ እንዴት እንደሚወጣ ራሱ ሊያሳየን ቀጠሮ ያዘ፤ ቀጠሮው በዚያው ቀን በሰባት ሰዓት ነበር። በሰባት ሰዓት ድሬዳዋ ፍየሉ ሳይቀር ጥላ ይዞ ይተኛል።

«ጓድ፣ አሁን እኮ ቀለሙ በሙቀቱ ውሃ ሆኗል። በረድ ይበል፣» አሉ እትዬ።

«አብዮት ቀትር ላይ አይተኛም፣» አለና ፓምፗን ገፋ። እጀታውን ሲያዞር ወረቀቱ ገርጥቶ ወጣ። ደግሞ ገፋ።

«ጓድ፣ ጨርቁ እስኪጠጣ መጠበቅ አለብን። ምክንያቱም ግፊት ማለት…» ስል አቋረጠኝ።

«መጠበቅ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው።»

እኔም የንዑስ ከበርቴነት ማብራሪያዬን ዋጥ አደረግሁ። እሱ ገፋ፣ ገፋ፣ ገፋ። ቀጥሎ የወጣው ወረቀት በእውነት ያምር ነበር፤ ወደ እትዬ ዞሮ ፈገግ አለ። የሚቀጥለው ላይ ፊደሎቹ ተቃቀፉ። ከዚያ በኋላ የወጣው ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነበር፤ ቀለሙ ከስቴንስሉ ጠርዝ አምልጦ በመኪናው እግር ወርዶ ጫማው ላይ ደረሰ። እትዬ ያጠፉትን ጨርቅ አቀበሉት። የተበላሸው ወረቀት ከጥቂት ቀን በኋላ ቀፊራ ገበያ ላይ በርበሬ መጠቅለያ ሆኖ አይቼዋለሁ፤ ሕዝቡ ዘንድስ ደርሷል።

ረቡዕ ደረሰ። አንዴ የተያዘ አጀንዳ አይሰረዝምና የእትዬ ጉዳይ እንዳለ ቀረበ። ርዕሰ መምህሩ ሰብሳቢ፣ እኔ ቴክኒካዊ ማብራሪያ ሰጪ ነበርን። ፓምፕ፣ ከበሮ፣ ሙቀት፣ ቅጥነት፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል አስረዳሁ። ግማሹ ተሰብሳቢ ተኛ። ስጨርስ ኃላፊው ብድግ ብሎ፣ «ዋናው ጥያቄ ቀለሙን ማን አሳነሰው ነው፣» አለ።

እትዬ እጃቸውን አወጡ። «እኔ ነኝ ያሳነስኩት፣ ጓድ። ማሳነስ አሻጥር ነው ብለዋል፤ አልከራከርም። ብቻ ማብዛት ምን እንደሚባል ይነገረንና ሁለቱም አብረው ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዙ።»

የተኙት ነቁ። ሁሉም ሰው ዝቅ ብሎ የኃላፊውን ጫማ አየ፤ ቀለሙ አልለቀቀም ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጓዶች፣ ጉዳዩን ከነባራዊው ሁኔታ አንጻር ብናየውስ?»

«ትክክል፣» አለ ኃላፊው፣ ሰው ሳይቀድመው። «ነባራዊው ሁኔታ ከባድ ነው።»

ጥፋተኛው የድሬዳዋ ሙቀት መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሙቀቱ ሂሱን ይቀበል አይቀበል አልተጠየቀም። የእትዬም ስም ከአሻጥር ጋር ዳግመኛ አልተነሳም፤ ያን ዕለት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ከወትሮው ቀስ ብለው ይራመዱ ነበር።

ስብሰባ ያለ ኮሚቴ አይበተንምና የቀለም ግፊት ተቆጣጣሪ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። አባሉ እኔ ብቻ ነበርኩ። በማግስቱ ጠዋት ለፈተናው እትዬ የቱቦውን ትራፊ ከጫፍ ጠቅልለው ሲጨምቁ አጠገባቸው ቆምኩ።

«እህሳ፣ ኮሚቴው ምን ይላል?» አሉኝ።

«አሁን፣» አልኩ በኃላፊነት ስሜት።

«እሺ፣ መምህር፣» አሉና እጀታውን ጥቂት አዞሩ፤ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አዩ፤ ፓምፗን የገፏት ከዚያ በኋላ ነበር።