ግልባጭ ለጎሬ መዝገብ ቤት

ኮምፒውተሩን አልጠላሁትም ነበር። የጠላሁት አሠልጣኙን ነው። ከአዲስ አበባ መቱ ድረስ ለሁለት ቀን የመጣ ሰው፣ ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ «ከእንግዲህ ወረቀት ቀረ» አለን። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ወረቀት ቀረ ማለት እኔ ቀረሁ ማለት ነው።

እስከዚያን ቀን ድረስ ደብዳቤዎቻችን ወደ ጎሬና ወደ ቡሬ ቅርንጫፎች የሚሄዱት በሚኒባስ ነበር። ፖስታውን አሽጌ መናኸሪያ እወርድና ለማውቀው ሾፌር እሰጣለሁ፤ እሱም መስተዋቱ ሥር ይወረውረዋል። አንዳንዴ በዕለቱ ይደርሳል፣ አንዳንዴ ደግሞ ጋምቤላን ጎብኝቶ ይመለሳል። ቢሆንም መጨረሻው ደብዳቤ ነው፤ ይዳሰሳል፣ ማኅተም አለው።

አሠልጣኙ ኢሜይልና ቀን መቁጠሪያ አንድ ላይ የያዘ ፕሮግራም ጫነልን። «የይለፍ ቃላችሁን ማንም እንዳያውቀው» ሲል አስጠነቀቀን፤ ከምሳ ስመለስ እኔም አላውቀውም ነበር። የመጀመሪያዋን ኢሜይሌን ለጎሬዋ ጸሐፊ ላክሁና ወዲያው ስልክ ደወልኩላት።

«ኢሜይል ልኬልሻለሁ፣ ደረሰሽ?»

«ኔትወርክ የለም።»

«እንግዲያው በስልክ ላንብብልሽ» አልኩና አነበብኩላት። ከአሠልጣኙ በቀር ሁላችንም ሥራው በመፋጠኑ ተደሰትን።

ጎሬ ላይ ጸሐፊዋን የሚያዝዙት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። ለጡረታ የተቃረቡ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ኮምፒውተር የማይነኩ ሰው ናቸው። ጸሐፊዋ የመጣውን ኢሜይል ሁሉ አትማ ጠረጴዛቸው ላይ ታስቀምጣለች፤ እሳቸው ያነቡታል፣ ከተስማማቸው ገቢ መዝገብ ላይ ቁጥር ይሰጡታል። ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ በመሥሪያ ቤቱ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ግልባጩ እንዲደርሳቸው ነው። ሁለተኛው «መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ደብዳቤ አልደረሰም» የሚል ነው። አንድ ጊዜ የሠራተኛ ዝውውር ማኅተም ሳይመታበት ቢመጣባቸው፣ ሰውየው ዕቃውን ጭኖ ደጅ ቆሞ እየለመናቸው አልመዘገቡለትም። ደብዳቤው በእጃቸው ነበር፤ ግን አልደረሰም።

በዚህ የተነሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ወረቀት ያለ ግልባጭ ዘግቼ አላውቅም። በኦሮምኛ ከሆነ «ገረገልቻ» ብዬ፣ በአማርኛ ከሆነ «ግልባጭ» ብዬ፣ የሳሙና ግዢ እንኳ ቢሆን ከሥር «ለጎሬ መዝገብ ቤት» እላለሁ። እጄ ራሱን ችሎ ነው የሚጽፈው።

እኚህ ሰው ሴት ልጅ አለቻቸው።

ቡሬ ታስተምራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በጎሬ በኩል አልፌ፣ አባቷ እንዳያዩኝ ከመስኮት ዞር ብዬ አንገቴን ሰብሬ፣ እሷ ዘንድ ስመላለስ ቆይቻለሁ። ልንጋባ ተስማማን፤ የቀረን ሽማግሌ መላክ ነበር። እዚህ ላይ አስጠነቀቀችኝ። «አባዬ ከሽማግሌዎቹ አፍ ካልሆነ ከሌላ ከሰማ አለቀልን። ታውቀዋለህ፣ ተናቅሁ ካለ አይመለስም።» ልክ ናት። የእኛ አባቶች ሽማግሌ እንደሚመጣባቸው ቢያውቁም እንኳ እንዳላወቁ መሆን ይፈልጋሉ፤ በር ላይ ብቅ ሲሉባቸው «ምነው በደኅና?» ማለት መብታቸው ነው። ያንን መብት የነጠቃቸውን ሰው ልጅ አይሰጡትም።

በሁለተኛው ቀን አሠልጣኙ «ከራሳችሁ ሕይወት አንድ ቀጠሮ ያዙ» አለ። እኔ በሕይወቴ የነበረኝ ቀጠሮ አንድ ብቻ ነበር። «ሽማግሌ መላክ» ብዬ ጻፍኩ። ቦታው ላይ «ጎሬ፣ ከአባቷ ቤት» አልኩ። ሰዓቱን ሦስት፣ ቀኑን እሑድ አደረግሁ። ከዚያ ተጋባዦች የሚገቡባቸው ሁለት ሳጥኖች መጡ፤ አንዱ የግድ መገኘት ላለባቸው፣ ሌላው ቢገኙም ባይገኙም ለሚሆኑ። በመጀመሪያው አለቃዬንና የግዢ ክፍሉን ጋሼ አስገባሁ፤ ሁለቱም ሽማግሌዎቼ ናቸው። ሦስተኛው ጎረቤታችን ያሉት ሙስሊም ባለሱቅ ኢሜይል ስለሌላቸው በቃል እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሁለተኛዋ ሳጥን ባዶዋን ቀረች። ትንሽ ናት፣ ከሥር ናት። ግልባጭ ናት ማለት ነው! እጄ ሄደና «ጎሬ መዝገብ ቤት» ብሎ ጻፈ፣ ላከም።

ያደረግሁት የገባኝ አለቃዬ ከክፍላቸው ወጥተው «ማል ተኤ? ምን ሆነህ ነው? አባትየውን ጠራሃቸው እኮ!» ሲሉኝ ነው። ያውም ቢገኙም ባይገኙም ብዬ! የገዛ ልጃቸው በምትጠየቅበት ቀን፣ በገዛ ቤታቸው!

ወደ አሠልጣኙ ሮጥኩ። አሠልጣኙ «ቀላል ነው፣ ቀጠሮውን አጥፋው» አለኝ። ሳጠፋው ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። አሠልጣኙ በመጀመሪያው ቀን «ግራ ሲገባችሁ አዎ በሉ» ብሎን ነበርና አዎ አልኩ። ከዓይኔ ሲጠፋ ተመስገን ብዬ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ያ አዎ ለተጠሩት ሁሉ «ተሰርዟል» የሚል ሌላ ኢሜይል እንደላከ ሻዩ ላይ ማን ይንገረኝ?

የነገረችኝ እሷ ናት። አሥር ሰዓት ላይ ከቡሬ ደወለች።

«ምንድን ነው ያደረግኸው? አባዬ ትምህርት ቤት ደወለልኝ። ‹ይሄ የመቱው ልጅ ተሰርዟል ይላል፤ ተጣልታችሁ ነው?› አለኝ። አባቴ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም።»

«ፕሮግራሙ ነው፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ እኔ አይደለሁም…»

«ፕሮግራሙ ነው የሚያገባኝ? ነገ ሄደህ ካላስተካከልክ እኔም እሰርዝሃለሁ» ብላ ዘጋችው።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ጎሬ ወጣሁ። የመጣሁበትን ለአንድም ሰው አልተናገርኩም፤ ግን ከመናኸሪያው እስከ ቢሮው ሦስት ሰው «አይዞህ» አለኝ። ጸሐፊዋ ያተመችውን ሳታነብ እንደማታስቀምጥ ያኔ ገባኝ። እሷም ስታየኝ ዓይኗን ወደ ጣሪያ ሰቀለች።

ኃላፊው ቁጭ በል አላሉኝም። መነጽራቸውን አደረጉና ሁለት ወረቀት ፊታቸው ላይ ዘረጉ።

«እዚህ ላይ ሽማግሌ መላክ ይላል። ሰዓቱ በፈረንጅ ሦስት ነው። የእኛ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው፣ ከሌሊቱ። ሽማግሌ ነው ጅብ ነው የምትልክብኝ?»

«ተሳስቼ ነው ጋሼ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ለማለት ነው።»

«ደግሞ እኔ ቢገኙም ባይገኙም ነኝ አሉ። ጸሐፊዋ ተርጉማልኛለች።»

ሁለቱን ዓመት፣ ቅዳሜዎቹን ሁሉ፣ በአንዲት ትንሽ ሳጥን እንዳጣሁ ተሰማኝና፣ አልዋሽም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በሠላሳ ዓመቴ መዝገብ ቤት ውስጥ ልነፋረቅ ነበር።

«ለምንድን ነው ለእኔ የላክኸው?» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ግልባጭ ነው ጋሼ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያለ እርስዎ ግልባጭ ዘግቼ አላውቅም።»

ቀና ብለው አዩኝ። የሳቁ መሰለኝ፤ ግን እሳቸው ስለሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ ሁለተኛውን ወረቀት በጣታቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት።

«አሁን በእጄ ሁለት ደብዳቤ አለ። አንዱ ይመጣሉ ይላል፣ አንዱ ተሰርዟል። የትኛውን ነው የምሠራበት?»

«የመጀመሪያውን፣ ጋሼ። እባክዎ፣ የመጀመሪያውን።»

ገቢ መዝገቡን ከፈቱና ወደ እኔ አዞሩት። በዚያ ቀን የሰፈረው መሥመር አንድ ብቻ ነበር፤ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ከመቱ የሚለው፤ ጉዳዩ ላይ በዚያ በምቀናበት እጅ ጽሑፋቸው «የልጄ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ባዶ ነው።

«ሁለተኛውስ?» አልኩ።

«የቱ ሁለተኛ?» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «እኔ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው የደረሰኝ። በል ሂድ፤ ሥራ አለብኝ።»

እሑድ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሦስቱ ሽማግሌዎች በሩን ሲያንኳኩ፣ ኃላፊው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጺማቸውን ተላጭተው፣ ሦስት ወንበር ደጅ አሰልፈው ነው የከፈቱላቸው። ግራ ቀኝ አይተው፣ በጣም ደንግጠው፣ «ምነው በደኅና?» አሏቸው።