ሁለት ጿሚዎችና አንድ እምቢተኛ

እንስሳ አልወድም ነበር። አሁንም ቢሆን ውሻ እጄን ከላሰኝ በሳሙና ሳልታጠብ እህል አልነካም። ታዲያ ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ተቀጥሬ በምሠራበት ቤት፣ የሁለት ሽለምጥማጥ ሞግዚት ሆኜ ቁጭ! ሽለምጥማጥ የምላቸው እኔ ነኝ እንጂ ትክክለኛ ስማቸው ፌሬት ነው። ገላቸው ረዘም፣ እግራቸው አጠር፣ አፋቸው ሾል ያለ፣ ዓይናቸው የሌባ። ሰዎች ቤት ውስጥ እንደ ድመት ያሳድጓቸዋል አሉ። የሰፈሩ ሰው ኒምስ ይላቸዋል፤ ዶሮ ያላቸው ጎረቤቶች ደግሞ ሌላም ይሏቸዋል፣ እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ያመጣቸው የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው። ባሕረ ሰላጤው አገር ሠርቶ ሲመለስ ለእናቱ ሽቶ ያመጣል ስንል፣ ጎኑ የተበሳሳ ሣጥን ውስጥ ሁለት አውሬ ይዞ ከች አለ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሥራ አገኘና ተመልሶ ሄደ። አውሬዎቹን ለእናቱ ተወላቸው፣ እናቱ ለእኔ።

እናቱን ሐጃ ነው የምላቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው በየአገሩ የተበተኑባቸው፣ በዚያ ሰፊ ቤት ከእኔ ጋር ብቻ የቀሩ ሴት ናቸው። ልጅየው ማታ ማታ በስልክ ምስል ይደውላል። ገና ሰላም ሳይል “አሳዪኝ” ነው የሚለው። ሐጃ ሁለቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ያሳዩታል፣ እነሱ ሲላፉ እሱ ይስቃል፣ እሳቸው እሱን ያያሉ። ሌላውን ጊዜ ልጁ ፊቱ የተቋጠረ ነው፤ ስለ ሥራው ሲጠይቁት “ደህና ነኝ” ብሎ ይዘጋል። ሲስቅ የሚያዩት በእነዚያ አውሬዎች ብቻ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ቢሞት ሐጃ ምን እንደሚሆኑ ማንም ሳይነግረኝ አውቅ ነበር።

ምግባቸው ከውጭ በከረጢት የሚመጣ ደረቅ ነገር ነው፤ ቡናማ፣ ድቡልቡል። እኔ ጠጠር እለዋለሁ። በዚያ ዓመት አገሩ ተናወጠና ከውጭ የሚገባ ዕቃ ጠፋ። ሻጩ ሄድን ባልን ቁጥር “ቡክራ፣ ኢንሻአላህ” ይለናል፤ ነገ ነገ እያለ ወሩን ጨረሰው። የእኛ ከረጢት ደግሞ ወገቡ ጎደለ። ልጅየው ይህን ሲሰማ “ወደ ጥሬ ሥጋ አዙሯቸው” አለ። “ተፈጥሯቸው ሥጋ በል ነው፤ ግን ከልጅነታቸው የለመዱት ጠጠሩን ስለሆነ ሥጋ ምግብ አይመስላቸውም። ቀስ እያላችሁ አለማምዷቸው።”

ቀስ እያላችሁ! ለመናገር ቀላል ነው።

ሁዳዴና ረመዳን የተገጣጠሙበት ጊዜ ነበር። ሐጃ ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ ውኃ እንኳ አይቀምሱም። እኔ ሥጋና ወተት ከተውኩ ሰነባብቻለሁ። ነገሩማ ጾም ባይሆንም ሥጋ ላይ ያው ነኝ፤ እኛ ሙስሊም ባርኮ ያረደውን አንበላም። ካርቱም ከገባሁ ጀምሮ ሥጋ የምቀምሰው በዓል ሲደርስ ሐበሾቹ ተዋጥተን በራሳችን ሰው ስናሳርድ ብቻ ነበር። ለሐጃ ወጥ ስሠራ ጨው የሚቀምሱልኝ ራሳቸው ናቸው። በረመዳን እሳቸውም አይቀምሱምና ያ ድስት ማንም ሳይቀምሰው ነው የሚወርደው። አንድ ቀን ጨው መጨመሬን ረስቼ ደገምኩት። ሐጃ ያፈጥራሉ፣ ገና አንድ ሲጎርሱ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ “ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ቀይ ባሕርን ነው የቀዳሽልኝ?”

እንግዲህ እንዲህ ያለን ሁለት ጿሚዎች ነን ጥሬ ሥጋ ከትፈን አውሬ የምናባብለው። የበሬ ሥጋ፣ ትንሽ ልብ፣ ትንሽ ጉበት አድርጌ በቢላ አደቀዋለሁ። ሴቷ መጀመሪያ አሸተተች፣ ሸሸች፣ ተመልሳ ላሰች፣ ሰነባብታ ያዘችው። ከያዘችው በኋላማ የእኔን ጣት ጨምራ ልትበላ ምንም አልቀራት። እሰይ የእኔ ልጅ አልኳት፤ አፌን ምን እንደነካው አላውቅም።

ወንዱ ግን! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይኼ ሦስተኛቸው ነው። ሥጋውን በጥርሱ አንጠልጥሎ ሲሄድ ሊበላ ነው ብለን ደስ ይለናል፤ እሱ ለካ ወስዶ አልጋ ሥር ሊቀብረው ነው። በካርቱም ሙቀት አልጋ ሥር የተቀበረ ሥጋ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚሸት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሐጃ ሶላት ላይ እንደቆሙ አፍንጫቸውን ሲይዙ አይቻለሁ። ጠጠሩን ፈጭቼ ከሥጋው ጋር ለወስኩት፤ ምስር እንደሚለቅም ሰው ዱቄት የነካውን ብቻ ልሶ ሥጋውን ተወው። ሞቅ አደረግኩት፣ የእንቁላል አስኳል መታሁበት፣ ከንፈሩን ቀባሁት። ፊቱን በመዳፉ ጠርጎ ጀርባውን ሰጠኝ። “ምናባክ ልሁንልህ?” ብዬ ጮህኩበት። ከረጢቱ ውስጥ የቀረው ብናኝ ብቻ ነበር፣ እሱም አለቀ።

ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። በጾም ያደገ ሰው ረሃብ የማያስተምረው ነገር ያለ አይመስለውም። ከቅዳሴ መልስ ደረቅ ቆሎ እንዴት እንደሚጣፍጥ እኔ አውቃለሁ። “ሐጃ፣ ይጹም” አልኳቸው። “ማባበሉን እንተወው። ሲርበው ይበላታል።”

ሐጃ ትንሽ አሰቡና “ወላሂ እውነትሽን ነው” አሉ። “እኔም ማታ ማታ ያችን ቴምር ሳያት ጀነት ትመስለኛለች።”

ሁለታችንም ተስማማን። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሳህን ሥጋ አስቀመጥንለትና መለመኑንም መቀባቱንም ተውነው። ዞር ብሎ አላየውም። ማታ ልጅየው ሲደውል ወንዱ ጥቅልል ብሎ ተኝቷል፤ ሐጃ ሴቷን ብቻ አሳዩትና “እሱ ጠግቦ ተኝቷል” አሉት። ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ፤ “በረመዳን አስዋሸኝ፣ አየሽው?” አሉ። አልሳቁም። እኔም እየከነከነኝ ተኛሁ።

በማግስቱ ስቅለት ነው። የዓመቱን ዐርብ ሁሉ ሐጃ ቢፈልጉኝ እሠራለሁ፣ ያችን ዐርብ ግን ማንም አይነካብኝም። ታጥቤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ምራቄን እንኳ ለመዋጥ እየተሳቀቅሁ ልወጣ ስል፣ እስቲ እንዴት አደረ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ዓይኑ ተከፍቷል፤ እሱ ግን የለም። ሳነሳው እንደ እርጥብ ጨርቅ በእጄ ላይ ተዘረጋ። አፉ ለሃጭ ያዝረበርባል፣ የኋላ እግሮቹ አይቆሙም።

“ሐጃ! ሐጃ ድረሱልኝ!”

ሐጃ በባዶ እግራቸው መጡ። ሲያዩት ግድግዳውን ያዙ። የእንስሳት ሐኪሙ ጋ ደወልን፣ ዐርብ የእረፍት ቀን ነው፣ የሚያነሳ የለም። ቀጥሎ ለልጅየው ደወሉ። ፊቱን እንዳየሁት የሐሙሱ ውሸት ማለቁ ገባኝ።

“አስራባችሁት?” አለ። “እማ፣ እነዚህ እንደ ሰው አይጾሙም! ሆዳቸው ቶሎ ባዶ ይሆናል፤ በረሃብ ብዛት ደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር አልቆ ይሞታሉ። ማር ድዱን ቀቡት፣ አሁኑኑ! ሲነቃ ደግሞ ሥጋ መብላት አለበት። ማሩ ብቻውን አንስቶ መልሶ ይጥለዋል።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ አደራሽን” አለኝ።

ማሩን በጣቴ ድዱ ላይ አሸሁት። በስመአብ እያልኩ፣ ሐጃ በጎኔ ቁርዓን እየቀሩ። ትንሽ ቆይቶ ምላሱ ተንቀሳቀሰች። ጭንቅላቱን አነሳ። “አልሐምዱሊላህ!” “ተመስገን!” አልን፣ ወዲያው ሥጋውን አቀረብንለት። ፊቱን አዞረ። አፉ ውስጥ ጨመርኩለት፣ በምላሱ ገፍቶ ተፋው። ደግሜ ጨመርኩ፣ ደግሞ ተፋ። እየሞተ እንኳ እምቢ! ልመታው ምንም አልቀረኝ። ከዚያ እግሮቹ እንደገና መላላት ጀመሩ፣ እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። ያን አውሬ ለካ እወደው ነበር።

ሐጃ እንባዬን አይተው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። “ልጆቼ ሁሉ ሲወለዱ” አሉ፣ “አባታቸው ቴምር አኝኮ ላንቃቸውን ይቀባላቸው ነበር። ከሰው አፍ የወጣ ነገር ሕፃን አይተፋም።” ይህን ብለው፣ በጾም ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሃይማኖታቸው፣ ቁራጯን ሥጋ አንስተው አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

ችግሩ ሐጃ ጥርስ የላቸውም። የተሠራላቸውንም ያቆስለኛል ብለው ከተዉት ቆይተዋል። በድዳቸው ደጋግመው ጨመቁት፣ ጉንጫቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሲያወጡት ቁራጩ እንደገባ ነው የወጣው። ወደ አፍንጫው አስጠጉለት። አሸተተና ላሰው! ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ላሰው። ለመቦጨቅ ሞከረ፣ አቅም አጣ፣ አገጩን እጃቸው ላይ ጣለ።

ሐጃ ቀና ብለው አዩኝ። ነጠላዬን አዩ፣ ምን ቀን እንደሆነ ያውቃሉ። ምንም አላሉኝም። ቢለምኑኝ እምቢ ለማለት በተመቸኝ። ቢቆጡኝ እኔም እቆጣ ነበር። ያን ያልታኘከ ሥጋ መዳፋቸው ላይ ይዘው ቁጭ አሉ።

ነደደኝ! በዓመት አንድ ቀን! ስንቱን ዓመት የሰው ቤት ድስት ስጠብስ ስቀቅል አፌን የጠበቅሁ ሴት፣ ጌታ በተሰቀለበት ቀን፣ ጥሬ ሥጋ፣ ያውም ሙስሊም ያረደው፣ ያውም ለሽለምጥማጥ! የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እኔ ከዚያም አልፌ ነበር።

“አምጡት” አልኩ።

ቆንጥሬ አፌ ውስጥ ከተትኩ። የማርያም ያለህ! ሁለት ወር ሊሞላው ምንም ያልቀረው ጾም አፌ ውስጥ ተነሳብኝ። ምራቄ ግጥም አለ። ጣፈጠኝ፤ ምን ልበል፣ ጣፈጠኝ። ጉሮሮዬ ሊውጠው ይጠራዋል፣ እኔ አንገቴን አቀርቅሬ አላሳልፍም እላለሁ። አላምኩትና መዳፌ ላይ ተፋሁት። ወንዱ አሸተተ። ላሰ። ከዚያ ጎረሰ፣ ዋጠም።

ሐጃ “ጎረሰ!” ብለው ጭናቸውን መቱ። እኔ ሌላ አኘክሁ። ሌላ። ሳህኑ ግማሽ እስኪሆን ድረስ አኘክሁለት፣ በመጨረሻ መዳፌን ሳይጠብቅ ከንፈሬን ሊልስ ተንጠራራ። ሐጃ በጆግ ውኃ ቀድተው እየተጉመጠመጥኩ እንድተፋ አደረጉኝና “ሂጂ፣ ያላ፣ ጸሎትሽ እንዳያልፍሽ” አሉኝ።

ራክሻ በሚሏት ባጃጅ፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ ግማሹ ስግደት ካለፈ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ። ወድቄ ተነሳሁ፣ ወድቄ ተነሳሁ። ሲመሽ ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ምእመኑን ጀርባ ጀርባውን እየጠበጠቡ፣ ኃጢአቱን እየጠየቁ ስግደት ያዝዛሉ። ተራዬ ደረሰ።

“አባ፣ ሥጋ አኝኬያለሁ።”

“መቼ?”

“ዛሬ።”

ቅጠሉ አየር ላይ ቆመ። “የማን እርድ?”

“የሙስሊም። የሚሞት እንስሳ ላድን ብዬ ነው አባ። አልዋጥኩም።”

እኔ እንኳ ስናገረው ለጆሮዬ የሰው ታሪክ አልመስል አለኝ። አባ ቅጠሉን ትከሻዬ ላይ ጣል ጣል አደረጉና “እግዚአብሔር ይፍታሽ። ሁለተኛ ግን እንዳትደግሚው” አሉ።

“አልደግምም አባ” አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። የታዘዝኩትን ሰገድኩ፣ ቀለለኝ፣ የታጠበ ልብስ ሆኜ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ጀንበር ጠልቃ፣ የመግሪብ አዛን ካለቀ ቆይቷል። ሐጃ ግቢው ውስጥ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ወንዱ በፎጣ ተጠቅልሎ እቅፋቸው ውስጥ ነው። ፊታቸው ቴምርና ውኃ አለ፣ አልተነካም። አጠገቡ ደቀቅ ተደርጎ የተከተፈ ሥጋ አለ።

“አላፈጠሩም እንዴ?” አልኳቸው።

“እንዴት ላፍጥር? ከሄድሽ ጀምሮ አንዲት አልቀመሰም። ማሩን እየቀባሁ አቆየሁት። በሩን ነው የሚያየው።” አሉኝ።

“ታዲያ መጀመሪያ እርስዎ አንድ ቴምር እንኳ…”

“እሱ ሳይበላ አይወርድልኝም” አሉ።

ግንባሬ ላይ የስግደቱ አቧራ ገና ነበር። ነጠላዬን ወደ ኋላ ጣል አድርጌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ ከሥጋው ቆንጥሬ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ሐጃ ቴምራቸውን ያነሱት እሱ ከመዳፌ ጎርሶ ሲውጥ ካዩ በኋላ ነው።